ጉሙ የማን ነው?

ሸዋ በር ከሱቄ፣ በሐምሌ ረፋድ፣
ጉም እየተጎተተ ከጦሳ ሲወርድ፣
ኑርዬ ገባ፣ ረጥቧል፤ በፎጣ ጠቅልሎ
አንድ ሌንስ አኖረ፣ "ፍረድልኝ" ብሎ።

"የአሊጋዝ ነው፣ የሟቹ፤ ኮምቦልቻ የነበረው።
ሚስቱ ዘምዘም ናት ሻጯ፤ አሥራ ስምንት ሺህ ነው።
እስከ ማታ ብላኛለች፤ ሌላ ገዥ አላት።
ለጥር ሰርግ ነው ጋሽ ሙሄ፤ ልግዛው ወይስ ልተውላት?"

"ዝም በል" አልኩት፤ ሌንስ መጀመሪያ በጆሮ ነው።
ወዘወዝኩት እንደ እንቁላል።
የከረመ እንቁላል ውስጡ ይናገራል።
ይሄ አልተናገረም፤
ወይ ደህና ነው፣ ወይ ጨዋ፤ ገና አላመንኩትም።

ዙሙን አዞርኩት ቀጥዬ፣ ዐይኔን ጨፍኜ፣
በሁለት ጣት ብቻ፣ ትንፋሼን አፍኜ።
ሃያ ስምንት፣ ለስላሳ፤ ሠላሳ አምስት፣ ለስላሳ፤
ሃምሳ ላይ ግን — ክርር — ጠጠር ያለበት ምሳ።
"የት ነበር የሚሠራ?"
"ሰኞ ሰኞ ባቲ ይወርዳል፣ ግመልና ሰው ሊያነሣ።"
እንግዲህ ሰውየው ዐፈር ለብሷል፤
የባቲ ሰኞ ግን እዚህ ቀለበት ውስጥ ተርፏል።

አፉን ወደ መሬት ደፋሁት፤
አንገቱ በራሱ ተንሸራቶ ወጣ፣ ሳልነካው።
"ይሄስ?" አለ ኑርዬ፣ ፊቱ ጠቁሮ።
"ይሄማ መላላት ነው፤ ዕድሜ ነው።
እኔም ቁልቁለት ስወርድ ጉልበቴ ቀድሞኝ ይደርሳል፤
እስካሁን ግን ማንም ለጥገና አላመጣኝም።"
ጫፉን ይዤ ነቀነቅሁት፤ ፀጉር የምታህል ክፍተት አለች፤
ይሁን፤ ፀጉር ትፈቀዳለች።
ብርሃን የሚመጥኑትን ቅጠሎች ዘይት አልነካቸውም፤
እንደ ዐይን ቆብ ቶሎ ይገጥማሉ፣ አንዱም አይዘገይም።

ከኋላ፣ መግጠሚያው ላይ፣ አራት ቪስ አለ።
ሦስቱ እንደተወለዱ ናቸው። የአራተኛዋ ራስ
ተፍቋል፤ ካቻቢቴ ያመለጠው እጅ፣ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ።
መነጽሬን አወለቅሁ። ወለወልኩ። መልሼ አደረግሁ።
"ተከፍቷል" አልኩ።
"ማን ከፈተው?"
በዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ደሴ ላይ፣
ሌንስ የሚከፍት ስንት ሰው ነበር?
ከነሱስ ውስጥ ግራኝ ስንት?
"ያንን የእጅ ባትሪ አቀብለኝ" አልኩት።

ከኋላው አበራሁበት፤ ጠርዙ ላይ ነጭ ክር፣
ሻጋታ፤ ድር መሥራት ገና የሚማር ሸረሪት የጀመረው ይመስል ነበር።
ደሴ የከረመ መስታወት ይቺን ሳይቀምስ አይቀር።
መሐሉስ?
ካሜራው ላይ ገጥመን ከደጁ ወደ ጦሳ አየን፤
ነጭ። ሁሉ ነገር ነጭ።
"ጋሽ ሙሄ፣ ይሄ ጉም የማን ነው? የሌንሱ ነው የተራራው?"
"እኔስ በምን ዐውቄ። ተቀመጥ።"

ተቀመጥን። ባጃጅ አለፈ። ዝናብ ጀመረና ተወው።
ኑርዬ ስልኩን አየ፣ መልሶ አየ።
ስድስት ሰዓት ሲሆን ጦሳ ትከሻውን አወጣ፤
ከሥሩ ቆርቆሮ ቤቶች፣ ከአንዱ ደጅ ገመድ፣
ገመዱ ላይ ቀይ ብርድ ልብስ፣
ማን እንደሆነ እንጃ፣ በዚህ ዝናብ ያሰጣው።
ሰባ ላይ አድርጌ አየሁት፤ የዘርፉን ክር ቆጠርኩት።
ጉሙ የጦሳ ነበር።

"ለአሸዋው አምስት መቶ አስቀንስ፣ ለሻጋታው ሺህ።
ቪሷን ግን አታንሣባት፤ እሷ የሌላ ሰው ዕዳ ናት።"
ከአሮጌ ብስክሌት ከመነዳሪ ሁለት ጣት ያህል ቆርጬ
አንገቱ ላይ አጠለቅሁለት። ደፋነው። አልወረደም።
"ለምርመራው ስንት ልክፈል?"
"አብሽር፤ ሂድ፤ ሳይመሽ ድረስላት።"